በጀውሃ ድልድይ ላይ ቆመን ራዳርን እንማር፦ በአጭር ርቀት ገንዘብ የሚከፈለው ለጉልበት ሳይሆን ለስፋት ነው

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚመላለስ ነጋዴ ጣርማበርን ወርዶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ምሳውን በልቶ ጥቂት እንደነዳ ጀውሃ ይደርሳል። በበጋ የጀውሃ ወንዝ ድንጋዩን እያሳየ በቀጭኑ ይፈሳል። በክረምት ግን ቆላው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ደጋው ላይ በዘነበው ዝናብ ብቻ ወንዙ ድንገት ሞልቶ ሊመጣ ይችላል። በዚህ በይፋት ቆላ ሽንኩርትና ሌላ አትክልት በመስኖ የሚያለማ ሰው የውሃ መሳቢያ ሞተሩን የት እንደሚያቆም ሁልጊዜ ይጨነቃል። ከወንዙ ካራቀው ቱቦው ይረዝማል፣ ነዳጁም ያልቃል። ካቀረበው ደግሞ አንድ ሌሊት ጎርፍ ይዞበት ይሄዳል።

ስለዚህ የውሃው ከፍታ ምን ያህል እንደሆነና ምን ያህል በፍጥነት እየጨመረ እንዳለ ማወቅ ገንዘብ ነው። ለረጅም ዘመን ይህ ሥራ የሚሠራው ቁጥር በተጻፈበት ሰሌዳና ያንን ሰሌዳ በሚያነብ ሰው ነበር። አሁን ግን በዓለም ገበያ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል፣ ከድልድይ ሥር ተሰቅሎ የውሃውን ርቀት የሚለካና ቁጥሩን በሞባይል ስልክ የሚልክ መሣሪያ በብዛት ይሸጣል። ይኸው ዓይነት መሣሪያ የነዳጅ ማደያን ታንከር፣ የእህል ጎተራንና የመኪናን ዙሪያ ይለካል። ልቡም አንዲት ቺፕ ናት።

ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ዓይነት ሥራ የሚቀርቡ ሁለት ፕሮፎርማዎች በዋጋ አሥር እጥፍ ሊለያዩ ይችላሉ። ሁለቱም ላይ «ራዳር» የሚል ቃል አለ። ሻጩም ሲጠየቅ «ይኼኛው እስከ 100 ሜትር ይለካል» ብሎ ያሳምናል። ከጀውሃ ድልድይ እስከ ውሃው ድረስ ግን 100 ሜትር የለም። ገዢው የሚከፍለው ለማይጠቀምበት ጉልበት ይሆናል ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቺፗ በውስጧ ምን እንዳላት፣ የነደፏት መሐንዲሶች ምኑን ከምኑ ጋር እንዳመዛዘኑ አሳይቶ፣ ነጋዴው ስለ ዕቃው በራሱ ዓይን እንዲፈርድ ማስቻል ነው።

በመጀመሪያ፣ ራዳር ያልሆነውን እንለይ

በመኪና ገበያችን «ራዳር አለው» የሚለው አነጋገር የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የሚባለው በኋላ ፓራውልት ላይ የሚታዩትን ክብ ክብ ቁልፍ መሳይ ነገሮች ነው። እነዚህ በአብዛኛው ራዳር አይደሉም። ጆሮ የማይሰማውን ቀጭን ድምፅ ልከው የገደል ማሚቶውን የሚያዳምጡ የድምፅ መለኪያዎች ናቸው። እውነተኛው የመኪና ራዳር ከፓራውልቱ ላስቲክ ወይም ከአርማው ጀርባ ተደብቆ ይቀመጣል እንጂ በቀዳዳ አይታይም። የሬዲዮ ሞገድ በላስቲክና በፕላስቲክ ውስጥ ያልፋልና።

የመኪና ደላላ ይህን ልዩነት ቢያውቅ ይጠቀማል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ገበያው በኤሌክትሪክ መኪኖች ተሞልቷል። ከእነዚህም ከፍ ያለ ዋጋ ያላቸው ብዙዎቹ እውነተኛ ራዳር ይዘው ይመጣሉ። የድምፅ መለኪያ ብቻ ያለውን «ባለራዳር» ብሎ መሸጥ ደንበኛን ማሳሳት ነው። ባለራዳሩን እንደ ተራ መኪና መሸጥ ደግሞ ራስን መጉዳት ነው።

ድምፅ ርካሽ ነው፣ ቆላ ላይ ግን ይስታል

የድምፅ መለኪያ መጥፎ ዕቃ አይደለም። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ቤት ውስጥ ላለ የውሃ ታንከር ይበቃል። ድክመቱ የድምፅ ፍጥነት ከአየሩ ሙቀት ጋር የሚለዋወጥ መሆኑ ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ35 ዲግሪ ደግሞ 352 ሜትር ያህል ይደርሳል።

ለትምህርቱ ያህል ድልድዩ ከውሃው 6 ሜትር ከፍታ አለው እንበል። መሣሪያው ሙቀቱ 20 ዲግሪ እንደሆነ ቆጥሮ ቢሠራና አየሩ በእርግጥ 35 ቢሆን፣ ስህተቱ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። እርግጥ ደህና የድምፅ መለኪያዎች በውስጣቸው ቴርሞሜትር አላቸው። ነገር ግን ያ ቴርሞሜትር የሚለካው የራሱን ሳጥን እንጂ ከውሃው በላይ ያለውን አየር አይደለም። ፀሐይ የመታው ሳጥን 50 ዲግሪ ደርሶ አየሩ 35 ቢሆን፣ መሣሪያው ድምፁ ከእውነቱ ይልቅ ፈጥኖ እንደሄደ ይቆጥራል። ስለዚህ ውሃው ካለበት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይታየዋል። ጎርፍ ለሚጠብቅ ሰው ከሁሉ የከፋው ስህተት ይኸኛው ነው፤ ወንዙ እየመጣ «ገና ነው» ይላልና።

የሬዲዮ ሞገድ ፍጥነት ግን በቆላና በደጋ አየር መካከል ይህን ያህል አይለወጥም። በዚህ ርቀት ልዩነቱ ከሚሊሜትር በታች ነው። ጭጋግና አቧራም ብዙ አያውኩትም። ራዳር ዋጋው ከድምፅ የሚበልጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሞገዱ ርቀትን እንዴት ይለካል?

የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ይህም ማለት በአንድ ናኖ ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ ቢሊዮንኛ እጅ ውስጥ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሄዳል ማለት ነው። ከድልድዩ ወደ ውሃው 6 ሜትር፣ ሲመለስ 6 ሜትር፣ በድምሩ 12 ሜትር ነው። ጊዜው 40 ናኖ ሰከንድ ይሆናል። ይህን አጭር ጊዜ በሰዓት ቆጥሮ ሴንቲ ሜትርን መለየት ውድ ዕቃ ይጠይቃል።

ስለዚህ መሐንዲሶች ሌላ ዘዴ ይጠቀማሉ። አንድ ሰው ፉጨቱን ከወፍራም እያቀጠነ ወደ ገደል ቢያፏጭ፣ ማሚቶው ተመልሶ ጆሮው ሲደርስ እርሱ ገና ወደ ቀጭኑ እየሄደ ነው። በዚያች ቅጽበት ከአፉ የሚወጣው ድምፅ ከተመለሰው ይልቅ የቀጠነ ነው። ገደሉ በራቀ ቁጥር የሁለቱ ልዩነት ይሰፋል። ልዩነቱን ያወቀ ሰው ሰዓት ሳይዝ ርቀቱን ያውቃል።

በቁጥር እንየው። ቺፗ ሞገዷን ከ58 ጊጋኸርዝ አንስታ እስከ 62 ጊጋኸርዝ በ100 ማይክሮ ሰከንድ ታቀጥናለች እንበል። የጠረገችው ስፋት 4 ጊጋኸርዝ ነው። ማሚቶው ከ40 ናኖ ሰከንድ በኋላ ሲመለስ፣ በሚወጣውና በሚገባው ሞገድ መካከል ያለው ልዩነት 1.6 ሜጋኸርዝ ይሆናል። ይህ በመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ላይ ከሚገኝ ጣቢያ ድግግሞሽ ጋር የሚቀራረብ ነው። ውሃው በአንድ ሜትር ከፍ ብሎ ርቀቱ 5 ሜትር ሲሆን፣ ልዩነቱ ወደ 1.33 ሜጋኸርዝ ይወርዳል።

የጥበቡ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። ወደ ውጭ የሚላከው ሞገድ እጅግ ከፍተኛ ቢሆንም፣ ለሒሳብ የሚቀርበው ልዩነት ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን የሚያሰላው ክፍል ተራና ርካሽ ኤሌክትሮኒክስ ሊሆን ይችላል። ውድ መሆን ያለበት የፊተኛው ክፍል፣ ማለትም ሞገዱን የሚፈጥረው፣ የሚልከውና የሚቀበለው ብቻ ነው።

በቺፗ ውስጥ ያሉት ሠራተኞች

ይህን የፊተኛ ክፍል በአንድ ሲሊከን ላይ መሰብሰብ ነው «የተዋሃደ የራዳር አስተላላፊና ተቀባይ» የሚባለው። በውስጡ ያሉት ዋና ዋና ሠራተኞች አምስት ናቸው። ሞገዱን የሚወልደው ክፍል አንድ፤ ያ ሞገድ በትክክል በቀጥታ መስመር እንዲቀጥን የሚቆጣጠረው ሁለት፤ ኃይል ሰጥቶ ወደ አንቴና የሚገፋው ሦስት፤ የተመለሰውን ደካማ ማሚቶ የሚያጎላው አራት፤ የሚወጣውንና የሚገባውን አቀላቅሎ ልዩነቱን የሚያወጣው አምስት።

ነዳፊውን እንቅልፍ የሚነሱት ችግሮች ደግሞ እነዚህ ናቸው።

አንደኛው የመቆጣጠሪያው ጉዳይ ነው። ሞገዱ ሲቀጥን መስመሩ ቢወላገድ፣ አንድ ውሃ ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ ይታያል። ርካሽ በሆኑ መሣሪያዎች ላይ ቁጥሩ እየዘለለ የሚያስቸግረው ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው የመፍሰስ ችግር ነው። አስተላላፊውና ተቀባዩ በጥቂት ሚሊሜትር ልዩነት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የሚመለሰው ማሚቶ ከተላከው ከብዙ ሚሊዮን አንድ እጅ ብቻ ነው። በሚያጓራ የጭነት መኪና ሞተር አጠገብ ቆሞ ከወንዙ ማዶ ያለ ሰው ሹክ ሲል እንደማዳመጥ ይቆጠራል። በቂ ጥንቃቄ ካልተደረገ ተቀባዩ በገዛ ወንድሙ ጩኸት ይደነቁራል። አንዳንድ መሣሪያዎች ከራሳቸው ፊት በቅርብ ያለውን ነገር መለካት የማይችሉት ለዚህ ነው። በመግለጫ ወረቀታቸው ላይ «ዝቅተኛ ርቀት» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ይህንኑ ይናገራል። ለጎርፍ መለኪያ ወሳኝ ነው፤ ውሃው ወደ መሣሪያው በቀረበ ሰዓት ነው ልኬቱ ከምንጊዜውም በላይ የሚፈለገው።

ሦስተኛው የሞገዱ መንቀጥቀጥ ነው። ማንኛውም ሞገድ ፈጣሪ በጥቂቱ ይርገበገባል። እዚህ ላይ ግን ቅርበት ለነዳፊው ባለውለታ ሆኖ ይገኛል። የሚወጣውና የሚመለሰው ሞገድ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው። መካከላቸው ያለው 40 ናኖ ሰከንድ ብቻ ስለሆነ ሁለቱም አንድ ዓይነት መንቀጥቀጥ ይዘዋል፤ ሲቀላቀሉም አብዛኛው ይጣፋል። ለ200 ሜትር የተሠራ ራዳር ይህን ምቾት በዚያው ልክ አያገኝም። የአጭር ርቀት ቺፕ በርካሽ ሲሊከን ሊሠራ የቻለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህም ለቅርብ ሥራ የሩቁን ዕቃ መግዛት ብልህነት አይደለም።

አራተኛው ኃይል ነው። በጀውሃ ድልድይ ሥር መስመር የለም፤ ያለው ፀሐይና ባትሪ ነው። መሣሪያው በሥራ ላይ 1 ዋት ቢወስድም፣ በየ10 ደቂቃው ለሰከንድ አሥረኛ እጅ ብቻ ነቅቶ ቢተኛ አማካይ ፍጆታው ከ1 ሚሊዋት በታች ይሆናል። ስለዚህ ባትሪ የሚጨርሰው ብዙውን ጊዜ ራዳሩ ሳይሆን መልእክቱን የሚልከው የስልክ ክፍል ነው። ገዢው ስለሁለቱም መጠየቅ አለበት።

ዋጋው የወረደው እንዴት ነው?

የመኪና ራዳር በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በመርሴዲስ ኤስ ክላስ ላይ ሲወጣ የቅንጦት ዕቃ ነበር። በ77 ጊጋኸርዝ የሚሠራው ክፍል የሚሠራው ጋሊየም አርሴናይድ ከሚባል ውድ ማዕድን ነበር፤ ቺፖቹም ብዙ ነበሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ የጀርመኑ ኢንፊኒየን ሲሊከንና ጀርማኒየምን ያቀላቀለ ቺፕ ለገበያ አቀረበ። ቦሽም በራዳሩ ላይ ተጠቀመበት። ቀጥሎ በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ አስተላላፊውን፣ ተቀባዩንና አስሊውን ክፍል በአንድ ተራ ሲሊከን ላይ የያዙ ቺፖችን አስተዋወቀ።

ሁለቱ ሲሊከኖች የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ጀርማኒየም የገባበት ለከፍተኛ ድግግሞሽ ይመቻል፤ መንቀጥቀጡም ዝቅ ያለ ነው። ተራው ሲሊከን ደግሞ ኮምፒውተሩን በጎኑ ማስቀመጥ ያስችላል፤ በብዛት ሲመረት ይረክሳል። ነዳፊ ከሁለቱ አንዱን የሚመርጠው እንደ ገበያው ነው።

ከዚያ ወዲህ አንቴናው ራሱ ወደ ቺፗ ማሸጊያ ገባ። በ60 ጊጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 5 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ አንቴናው ጥቂት ሚሊሜትር ይበቃዋል። የኢንፊኒየን አንዷ የ60 ጊጋኸርዝ ቺፕ፣ አንድ አስተላላፊና ሦስት ተቀባይ አንቴናዎችን ይዛ፣ 6.5 በ5 ሚሊሜትር ናት። የስዊድኑ አኮኒር ቺፕም ከዚህ ጋር ተቀራራቢ ነው። የጤፍ እንጀራ ዓይን አይደለችም፤ ከአተር ፍሬም ብዙ አትበልጥም።

ስፋት ማለት ዓይን ማለት ነው

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ራዳር በርቀት የሚቀራረቡ ሁለት ነገሮችን ለይቶ የማየት ችሎታው የሚወሰነው በጉልበቱም ሆነ በድግግሞሹ ከፍታ ሳይሆን በጠረገው ስፋት ብቻ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። 15 ሴንቲ ሜትርን በጊጋኸርዝ ለተቆጠረው ስፋት ማካፈል ነው።

ብዙ ርካሽ የ24 ጊጋኸርዝ ሰሌዳዎች በነፃ የሚጠቀሙበት ስፋት 0.25 ጊጋኸርዝ ነው። የመለየት ችሎታቸው 60 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 1 ጊጋኸርዝ ያለው 15 ሴንቲ ሜትር ይለያል። 4 ጊጋኸርዝ ያለው ደግሞ 4 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ይህ በድልድዩ ላይ ምን ማለት ነው? ከውሃው በላይ ግማሽ ሜትር ወጣ ያለ የምሰሶ መሠረት ወይም ትልቅ ድንጋይ አለ እንበል። 60 ሴንቲ ሜትር የሚለየው መሣሪያ ድንጋዩንና ውሃውን አንድ ላይ ጨፍልቆ በመካከል ያለ የውሸት ቁጥር ይሰጣል። ባለ4 ጊጋኸርዙ ግን ሁለቱን ለያይቶ ያያል። በነዳጅ ታንከር ውስጥም እንደዚሁ ነው፤ መሰላሉ፣ ብየዳውና የታንከሩ ወለል ሁሉ ማሚቶ ይመልሳሉ።

እዚህ ላይ አንድ የሻጭ ጨዋታ አለ። መግለጫው «ትክክለኛነት 2 ሚሊሜትር» ይላል። ውሸት ላይሆን ይችላል። ፊት ለፊት አንድ ነገር ብቻ ካለ፣ የሞገዱን እርምጃ በመከታተል ጠባብ ስፋት ያለው ራዳርም ሚሊሜትርን ሊያውቅ ይችላል። ትክክለኛነትና የመለየት ችሎታ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው በላብራቶሪ ይገኛል፤ ሁለተኛው በወንዝ ላይ ይፈተናል።

ሳጥኑና ጨረሩ

ጥሩ ቺፕ በመጥፎ ሳጥን ውስጥ ዕውር ነው። የራዳሩ ጨረር በርቀት ይሰፋል። 8 ዲግሪ የሆነ ጨረር 6 ሜትር ወርዶ ውሃው ላይ 84 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ያርፋል። 22 ዲግሪ ከሆነ ግን ክቡ 2 ሜትር ከ30 ያህል ይሆንና ምሰሶውንም ዳርቻውንም ይነካል። ጨረሩን የሚያጠበው የአንቴናው ወይም ከፊቱ የሚቀመጠው ሌንስ ስፋት ነው። ለአንድ ዓይነት ስፋት፣ የ80 ጊጋኸርዝ ጨረር ከ24 ጊጋኸርዙ ከሦስት እጥፍ በላይ ይጠባል። ከፍ ያለ ድግግሞሽ የሚፈለግበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የፕላስቲክ ክዳኑ ውፍረትም በሒሳብ ነው። በ60 ጊጋኸርዝ ለተለመዱ ፕላስቲኮች 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ወይም የዚያ ብዜት ሲሆን ሞገዱ በደንብ ያልፋል። ከዚህ ወጣ ካለ ከክዳኑ ላይ እየነጠረ ተቀባዩን ያውካል። ጋራዦቻችንም ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። ራዳር ከጀርባው ያለን ፓራውልት በስቱኮ ሞልቶ፣ ብረት የተቀላቀለበት ቀለም ደራርቦ መቀባት የመኪናውን ዓይን መጋረድ ነው። ሥራው ሲያልቅ መኪናው ያምራል፤ ራዳሩ ግን አቅጣጫው እንደገና ሳይስተካከል ፍሬን በማይያዝበት ቦታ ሊያስይዝ፣ በሚያስፈልግበት ቦታ ዝም ሊል ይችላል።

ፈቃድ የሌለው ዕቃ ከመጋዘን አይወጣም

ራዳር የሬዲዮ አስተላላፊ ስለሆነ ሕግ አለው። ጉግል በ60 ጊጋኸርዝ የምትሠራ የራዳር ቺፕ ያለችበትን ፒክስል 4 ስልክ በ2019 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ፣ አስቀድሞ ከአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ልዩ ፈቃድ መለመን ነበረበት። ያ ድግግሞሽ ባልተፈቀደባት በህንድ ግን ስልኩን ጨርሶ ሳይሸጥ ቀረ። ያን ያህል ትልቅ ኩባንያ ግዙፍ ገበያ ያጣው በጥቂት ሚሊሜትር ቺፕ የተነሣ ነው።

ሌላም አለ። በአሜሪካ ሰፊ ስፋት የሚጠቀሙ የ24 ጊጋኸርዝ የመኪና ራዳሮችን ማምረትና ማስገባት ከ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ተከልክሏል፤ አውሮፓም ወደ 77 እና 79 ጊጋኸርዝ ተዛውሯል። አንድ ዕቃ በትልልቅ ገበያዎች ሲዘጋበት ቀሪው ክምችት በርካሽ ወደ ሌላ አገር እንደሚፈስ ነጋዴ አይስተውም። «ዋጋው ወረደ» ተብሎ ሲቀርብ ለምን እንደወረደ መጠየቅ ይገባል።

በአገራችን ይህን የሚመለከተው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ድግግሞሽ የሚመድበውም፣ የሬዲዮ መሣሪያዎችን ዓይነት የሚያጸድቀውም እርሱ ነው። ጥያቄው መቅረብ ያለበት ኤል ሲ ከመከፈቱ በፊት እንጂ ዕቃው ጉምሩክ ከደረሰ በኋላ አይደለም። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ከሆነ ወዲህ፣ በመጋዘን የታሰረ ዕቃ የሚያስከፍለው ዋጋ ከብዷል።

ለባለሀብት ቀዳዳው የት ነው?

የቺፕ ፋብሪካ መሥራት በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ነው፤ ያንን እንተወው። አንድ ቺፕ አስነድፎ በሌላ አገር ፋብሪካ ማስመረትም ቢሆን ለመነሻ ሻጋታው ብቻ ከመቶ ሺዎች እስከ ሚሊዮኖች ዶላር ይጠይቃል። ነገር ግን አንድ ሒሳብ እንመልከት። ቺፗ በብዛት ስትገዛ ዋጋዋ ጥቂት ዶላር ነው። ተጠናቆ የሚሸጠው የኢንዱስትሪ ራዳር ግን በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። በመካከል ያለው ገንዘብ የሳጥኑ፣ የሌንሱ፣ የሶፍትዌሩ፣ የማስተካከያው፣ የፈቃዱና የጥገናው ዋጋ ነው። ከእነዚህ አብዛኛው እዚሁ አገር ውስጥ ሊሠራ የሚችል ነው።

የሚፈለገው ባለሙያ ነው። ለዚህም በር ተከፍቷል። በጀርመን የሚገኘው አይኤችፒ የተባለ የምርምር ተቋም የሲሊከን ጀርማኒየም ቺፕ መንደፊያ መረጃውን ለሁሉም በነፃ ለቋል። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያለ ፈቃድ ክፍያ በራሱ ኮምፒውተር ላይ የራዳር ክፍሎችን ነድፎ ሊፈትን ይችላል። ወደ ጀውሃ ስንወርድ በመንገዳችን የምናልፈው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አለው፤ የኢንዱስትሪ ፓርክም አለው። ወንዙ፣ ሙቀቱና ጎርፉ ደግሞ ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ከታች ይጠብቃል። መሣሪያን ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ቦታ በገንዘብ አይገኝም። በጀውሃ ክረምት የጸና ዕቃ በሌላ ቆላ ወንዝ ላይ ለመሸጥ አያፍርም።

ከመፈረምዎ በፊት ለሻጩ የሚቀርቡ ስድስት ጥያቄዎች

1ኛ. የሚጠርገው ስፋት ስንት ጊጋኸርዝ ነው? ይህን የማይመልስ ሻጭ ዕቃውን አያውቀውም።

2ኛ. ዝቅተኛው የሚለካው ርቀት ስንት ነው? ጎርፍ ሲመጣ፣ ታንከር ሲሞላ ዕውር የሚሆንበት ቦታ ይህ ነው።

3ኛ. የጨረሩ ስፋት ስንት ዲግሪ ነው? ከዚያ በሚሰቀልበት ከፍታ ላይ ክቡ ምን ያህል እንደሚሆን ራስዎ ያስሉ።

4ኛ. የሥራ ሙቀቱ እስከ ስንት ዲግሪ ነው? በቆላ ፀሐይ የሚውል ሳጥን ከአየሩ ይልቅ እንደሚግል አይርሱ።

5ኛ. ከስልክ ክፍሉ ጋር አማካይ የኃይል ፍጆታው ስንት ነው? የራዳሩን ብቻ ቢነግርዎት አይቀበሉ።

6ኛ. በየትኛው ድግግሞሽ ይሠራል? በአገራችንስ ጸድቋል? ወረቀቱን ይመልከቱ።

በእነዚህ ጥያቄዎች ዝርዝር ውስጥ «እስከ ስንት ሜትር ይለካል?» የሚለው የሌለው ተረስቶ አይደለም። ለ6 ሜትር ሥራ ሁሉም ይደርሳሉ። ገንዘቡ መሄድ ያለበት ወደ ስፋቱ፣ ወደ ጨረሩና ወደ ሳጥኑ ነው። ሽንኩርቱን ለመስኖ የሰጠ፣ ሞተሩን በወንዝ ዳር ያቆመ ሰው የሚፈልገው ሩቅ የሚያይ መሣሪያ አይደለም። በእግሩ ሥር ያለውን ውሃ በትክክል የሚያይለትን ነው።